መንደሩ ሲዘጋ የቀረኸው ሰው

ለጌታነህ፣ ለልጄ አባት፣

ዓመት ሞላህ። ጥቁር ልብሴን ግን እስካሁን አላወለቅሁም። ቤታችን ትተኸው እንደሄድከው አይደለም። የጓሮው የጽድ አጥር ተነቅሎ ግንብ ሆኗል፣ የእናትህ ክፍል እህል ይቀመጥበታል፣ ልጃችን ብርቱካን ወንድ ልጅ ወልዳለች። ፊደል የለየሁት በስኳር መጠቅለያ ጋዜጣ ላይ መሆኑን ታውቃለህና ጽሑፌን አትታዘበኝ። በስልክ ሁልጊዜ አንተ ትናገር፣ እኔ እሰማ ነበር። ዛሬ እኔ ልናገር።

መሞትህን የሰማነው ከቀበሩህ በኋላ ነው። ብርቱካን «አባባን ይዘሽው ነይ» ብላ ላከችኝ። ደብረ ኤልያስ ከእናትህ ጎን ቦታህ ተለይቶ ነበር። ኅዳር ላይ ጣሊያን አገር ገባሁ፤ አውቶቡሱ ተራራውን ሲዞር ውሎ ስትነግረኝ የኖርካት መንደር አደረሰኝ። አንተ ትሠራበት የነበረው ሆቴል ባለቤት፣ አሮጊቷ፣ ያንተን ክፍል ሰጠችኝ። ወጥ ቤት የምትሠራው የአስመራዋ ልጅ ለተ ታስተረጉምልኝ ነበር። ብርዱ መሬቱን ድንጋይ አድርጎታል፣ እስከ ሚያዝያ መቃብር አይከፈትም አሉኝ። ጠበቅሁ።

በዚያ ሰሞን መንደሩ ሁሉ ሰማይ ሰማይ ያያል፤ በረዶው ዘግይቶባቸዋል። አንድ ጠዋት መውረድ ሲጀምር እኔ ምን አውቄ፣ ገብሱ ሳይታጨድ የወረደብን መስሎኝ ነጠላዬን አደግድጌ ወጣሁና «እግዚኦ፣ መልሰው» እያልኩ ተንበረከክሁ። አሮጊቷ በሯ ላይ ቆማ በደስታ ታጨበጭባለች። ለተ እየሮጠች መጣችና «ኧረ እትዬ ተነሺ፣ ሰዎቹ ሻማ አብርተው የለመኑትን አንቺ ልታስመልሺባቸው ነው!» አለችኝ። መንደሩ እስከ ፋሲካ ሳቀብኝ። እኔም አብሬ ሳቅሁ፤ ያን ጊዜ ገና አልከፋኝም ነበር።

በረዶው ከወረደ በኋላ እውነትም እንዳልከኝ ሆነ። ሰዉ በገመድ በተንጠለጠለ ወንበር ወደ ተራራው ይወጣል፣ እግሩ ላይ ረጃጅም ጠፍጣፋ ነገር አስሮ እየተንሸራተተ ይወርዳል፣ ተመልሶ ይወጣል። እኔ ለማደሪያዬ ብዬ የሆቴሉን አልጋ ሳነጥፍ እውላለሁ፤ ቀና የምልበት ጊዜ አልነበረም። ለብርቱካን ሠርግ ስትቀር «ሥራው ዕረፍት አይሰጥም» ብለህ ነበር፤ አጎቷ በአንተ ቦታ ቆሞ መረቃት። እናትህም ስምህን እየጠራች አረፈች። ምስኪን ባሌ፣ እውነቱን ነበር ብዬ በልቤ ይቅር አልኩህ።

ከዚያ ፋሲካቸው አለፈ። ሳምንት ሳይሞላ መስኮቱ ሁሉ ተዘጋ፣ ወንበሮቹ ገመዱ ላይ እንደተንጠለጠሉ ቆሙ፣ ዳቦ ቤቱ ሳይቀር ተቆለፈ። ለተ ሻንጣዋን ስትሸክፍ ወዴት ብላት «ሁሉም ይሄዳል፣ እስከ ታኅሣሥ ሥራ የለም» አለችኝ። ጌታነህስ? አልኳት። «እሱ ይቀር ነበር። ሚያዝያ በመጣ ቁጥር፣ አንተ ሰውዬ ሚስት የለህም ወይ፣ አገርህ አትሄድም ወይ ይሉት ነበር። እሱ ደግሞ፣ አሁን ክረምት ይገባል፣ መንገዱ ጭቃ ነው ይላቸው ነበር።»

አስፋልቱ ከገባ ስንት ዓመቱ ነው፣ ጌታነህ?

አስከሬን የማውጣቱ ፈቃድ ገና አላለቀምና አሮጊቷ ያንተን ሥራ ሰጠችኝ። ዝናብ ሲያባራ መስኮት መክፈት፣ ቧንቧው እንዳይዝግ ውኃ መልቀቅ፣ ሲመሽ መቆለፍ። ሳይረፍድ ያልቃል። ከዚያ በኋላ አንተ ትቀመጥበት የነበረው አግዳሚ ላይ እቀመጣለሁ። ከፊቴ የቆሙት ወንበሮች ብቻ ናቸው። በሐምሌ የቀሩት ሽማግሌዎች ሣር ያጭዳሉ፣ ከላይ የላሞች ቃጭል ይሰማል፤ ጮቄ ያለሁ መሰለኝ። ጮቄን ወደሚመስል ተራራ ዘወትር እያየህ ጮቄ መምጣት እንዴት አቃተህ?

ሌላ ሴት ብትኖርህ ይሻለኝ ነበር። ጠየቅሁ፣ አልነበረችህም። ለአገር ሁሉ የሆቴል ሥራ አስኪያጅ ነኝ ብለህ ነበር፤ በረዶ ዛቂ መሆንህ እንዳይታወቅብህ ፈራህ መሰለኝ። ለዚህ ብለህ ነው? ዕድሜዬን በእርሻ ጭቃ የፈጀሁ ሴት በአንድ አካፋ አፍርብህ ነበር?

መሬቱ ከለሰለሰ ቆየ። በነሐሴ አሮጊቷ ፈቃዱ መጥቷል፣ ባልሽን ውሰጂ አለችኝ። አልወሰድኩህም። በእግርህ ልትመጣው ያልወደድከውን መንገድ በሣጥን አላመጣህም አልኩ። መስከረም ላይ ብቻዬን ተመለስሁ። ብርቱካን ከኋላዬ አሻግራ አይታ «አባባስ?» አለች። እዚያ ይሻለዋል አልኳት። እስከ ዛሬ ደህና አድርጋ አታናግረኝም። ያየሁትን ብነግራት አንተን ታጣለች፤ ዝም ስላት እኔን አጣች።

ትናንት ሙት ዓመትህን አወጣን። የንስሐ አባታችን ለፍትሐቱ የክርስትና ስምህን ጠየቁኝ። እናትህ ካረፈች ወዲህ ያንን ስም የማውቅ እኔ ብቻ ነኝ። ጠፋኝ ብል ማንም አይፈርድብኝም። ደግመው ጠየቁኝ። ብርቱካን ልጇን ታቅፋ ታየኛለች። ነገርኳቸው።

በየዓመቱም እነግራቸዋለሁ። እስካለሁ ድረስ ስምህ ሳይጠራ የሚያልፍ ዓመት አይኖርም። ይቅር ያልኩህ እንዳይመስልህ፤ ገና ነኝ።

የልጅህ እናት፣
ጥሩዬ