የፓምፓ ሠሪው የአቶ ያርጋል ሀብተ ሚካኤል ሕይወትና ያልተደፋው በርሜል

አቶ ያርጋል ከአባታቸው ከመሪጌታ ሀብተ ሚካኤል ፈለቀና ከእናታቸው ከወ/ሮ የሺወርቅ ድረስ በ1951 ዓ.ም. ዳባት ተወለዱ። አባታቸው ለድቁና አስበው ዳዊት አስደግመዋቸው ነበር፤ እርሳቸው ግን መንገድ ላይ መኪና ቆሞ ባዩ ቁጥር ከሥሩ እየገቡ አስቸገሩ። በ1968 ዓ.ም. ጎንደር ጋራዥ ገብተው ናፍጣ ወደ ሞተር የሚገፋውን ፓምፓ የመጠገን ሙያ ተማሩ። በ1977 ዓ.ም. ደባርቅ የራሳቸውን ጋራዥ ከፈቱ፤ በዚያው ዓመት ከወ/ሮ በለጠች ክንዴ ጋር በተክሊል ተጋብተው ሶልያናንና ጥበብን ወለዱ።

አሠራራቸውን የማያውቅ የለም። ፓምፓ ሲፈቱ ባለመኪናው አጠገባቸው መቆም ነበረበት። ከውስጥ የሚመላለሰውን ብረት አውጥተው፣ ጠርገው፣ የባለመኪናውን ጥፍር ያስሄዱበታል፤ ጥፍር ከያዘው ብረቱ ተበልቷል፣ ይቀየራል፣ በቃ። ‹‹ጠራርገህ ግጠምልኝ›› የሚላቸውን ሰው እንደ ሌባ ነበር የሚያዩት። ሊማሊሞን ለሚወርድ መኪና! ‹‹ኤጭ!›› ብለው ፊታቸውን ያዞሩበታል።

በ2012 ዓ.ም. ሾፌሩ ሰብስቤ ሰው የሞላ አውቶቡስ ይዞ ሊማሊሞን ሲወጣ ሞተሩ ኩርባ ላይ ጠፋበት። መኪናው ወደ ኋላ ተንሸራተተ። ተሳፋሪዎች ዘለው ድንጋይ ባይደግፉት ኖሮ የስንቱን የሕይወት ታሪክ በአንድ ቀን ባነበብን ነበር።

ፓምፓው በዚያው ዓመት የተገጠመ አዲስ ነበር። አቶ ያርጋል ሲፈቱት ግን ብረቱን ድመት የቧጨረው መስሏል፤ ናፍጣው ላምባ ላምባ ይሸታል። ላምባ የተቀላቀለበት ናፍጣ ቅባት የለውም፣ ብረት ከብረት ያባላል። ሰብስቤ ከማን እንደቀዳ ሲጠየቅ የአቶ ያርጋልን የአጎት ልጅ ስም ጠራ። እኒህ ሰው ከጓሯቸው በበርሜል ናፍጣ ይቸረችራሉ። ስማቸውን እዚህ አንጠራም፤ እርሳቸውም ያውቁታል፣ አገርም ያውቃቸዋል።

አቶ ያርጋል ብረቱን በጨርቅ ጠቅልለው ወደ አጎታቸው ልጅ ቤት ሄዱ። ቀኑ የሚካኤል ማኅበር ነበርና ቤቱ በሰው ሞልቷል። የማኅበሩን ቄስ ጥፍራቸውን እንዲያስሄዱበት ለመኗቸው፤ ቄሱም ዳስሰው አማተቡ። የአጎት ልጅ ግን ጠላቸውን እየጠጡ ‹‹ሰው አልሞተ፣ ምን ያስጮህሃል?›› አሉ። ይህን አፍ አውጥተው ተናገሩ! ከዚያች ቀን ወዲህ አቶ ያርጋል ከዚያ ቤት ውሃ አልቀመሱም። ሽማግሌ ቢላክም መልሳቸው አንድ ነበር፤ በርሜሉ ይደፋ።

ከዓምና ጀምሮ ሳንባቸውን ታመው ጎንደር ሲታከሙ ቆዩ። በመጨረሻ የአጎት ልጅ ከአልጋቸው አጠገብ ቆመው ‹‹ስለ እግዚአብሔር ይቅር በለኝ›› አሉ። አቶ ያርጋልም ‹‹እግዚአብሔር ይቅር ይበልህ፤ በርሜሉን ግን ድፋው›› አሏቸው። የአጎት ልጅም እደፋለሁ ብለው በሚካኤል ስም ማሉ። አቶ ያርጋል እፎይ ብለው፣ በማግስቱ ኅዳር 4 ቀን 2018 ዓ.ም. በ67 ዓመታቸው ዐረፉ።

ዛሬ ጠዋት አስከሬናቸው በዚያ ጓሮ ሲያልፍ ግን ላምባው ሸተተን። በርሜሉ እንደሞላ ተቀምጧል። በሚካኤል ስም ተምሎ! አንገሸገሸን።

አቶ ያርጋል ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውንና አራት የልጅ ልጆቻቸውን ትተው ሄደዋል። ያልዋሹባትን ነፍሳቸውን እግዚአብሔር ከደጋጎቹ አባቶች ጋር ያሳርፍልን። ከዳባትም ከሳንቃ በርም ድረስ መጥታችሁ ለቀበራችሁልን ሁሉ ብድራችሁን ይክፈልልን። እዝን ለምታመጡልንም እጃችሁን ይባርክ። የአጎታቸው ልጅ የሚያመጡትን እዝን ግን በርሜሉ ሳይደፋ አንቀምስም። አቶ ያርጋልም ቢኖሩ አይቀምሱትም ነበር።