ስለ አንደኛ ማርሽና ስለ ቢሮዎ በረንዳ

ለተከበሩ ፕሮኮፒ ኢግናትየቪች፣
የሕንጻ ቁጥር 18 አስተዳዳሪ፣ የግቢው፣ የበረዶ መጥረጊያው ትራክተርና የማስታወቂያ ሰሌዳው የበላይ ኃላፊ
ያኩትስክ

ክቡር ሆይ፣ ጤናዎ እንዴት ሰነበተ? ጉልበትዎስ? ባለፈው ሰኞ መኪናዬን በእግርዎ ሲያባርሩ ያየዎት ጎረቤት ሁሉ ስለ ጉልበትዎ ሲጨነቅ ነው የሰነበተው፤ እኔም ከሁሉ አስቀድሜ ደኅና መሆንዎን እመኛለሁ። ብርዱ ከዜሮ በታች አርባ ስምንት በገባበት ቀን፣ በዚህ ዕድሜዎ፣ ቆብ እንኳ ሳያደርጉ እንዲያ መሮጥዎ በእውነቱ የሚያስመሰግን ነው።

ይህን ደብዳቤ በሕዝብ ፊት የለጠፍኩት ትእዛዝ ቁጥር ሰባትዎ ሰሌዳው ላይ ብቻውን ተንጠልጥሎ ስላሳዘነኝ ነው። ትእዛዙ መኪናዬ ላይ «በግለሰብ እጅ የተገጠመው አደገኛ መሣሪያ» በሦስት ቀን ውስጥ እንዲነቀል፣ እስኪነቀልም መኪናዋ ከግቢ ወጥታ የሰፈሩን ቤቶች ከሚያሞቀው ማሞቂያ ጣቢያ ጀርባ እንድትቆም ያዛል። ስለዚህ አርቆ አሳቢነትዎ ከማመስገኔ በፊት ጥቂት ነገር እንዳስታውስዎ ይፍቀዱልኝ።

፩. መሣሪያውን፣ ማለትም አላርሙንና ሞተሩን በራሱ የሚያስነሣውን፣ የገጠምኩት ለጌጥ አይደለም። ባለቤቴ አይታሊና ማክሰኞ፣ ሐሙስና ቅዳሜ፣ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ የኩላሊት እጥበት አላት። ከእርሷ በኋላ ሌላ ታማሚ ስላለ ማሽኑ ያረፈደን ሰው አይጠብቅም። ጥር ላይ ደጅ ያደረ ሞተር ጠዋት ምን እንደሚመስል ደግሞ ለእርስዎ መንገር ድፍረት ይሆንብኛል። እናም ኅዳር ላይ ሁለት እሁድ ሙሉ ከመሪው ሥር በጀርባዬ ተኝቼ፣ መብራት ግንባሬ ላይ አስሬ፣ ሽቦ በጥርሴ እየላጥኩ ገጠምኩት። ከዚያ ወዲህ መኪናዋ ሞተሯ ሲቀዘቅዝ ራሷ ትነሣለች፣ ሩብ ሰዓት ትሞቃለች፣ ራሷም ትጠፋለች። አይታሊና በመስኮት ጭሱን ባየች ቁጥር «ተነሣችልን!» ትላለች፤ በዚህ ክረምት ከአፏ የሰማሁት የደስታ ቃል ይኸው ብቻ ነው።

፪. ሰኞ ዕለት እኔ ሥራ ላይ ሳለሁ ትራክተሩ እንዲያልፍ ብለው በራችንን አንኳኩተው ቁልፉን ከባለቤቴ በመቀበልዎና መኪናዬን በገዛ እጅዎ በማንቀሳቀስዎ ክብር ይሰማኛል። አይታሊና ቁልፉን ስትሰጥዎ «ፕሮኮፒ ኢግናትየቪች፣ በማርያም፣ ማርሽ አስገብተው እንዳይተዋት! ዜሮ ላይ፣ በእጅ ፍሬን ብቻ!» ብላ እንደለመነችዎ፣ እርስዎም «ልጄ፣ አንቺ ሳትወለጂ ነው እኔ በዚህ ብርድ መንዳት የጀመርኩት» ብለው እንዳረጋጓት ነግራኛለች። ይህንኑ መሪው ላይ በቀይ ቀለም ጽፌ የለጠፍኩትንም ወረቀት ልጠው፣ በሥርዓት አጣጥፈው ወንበሩ ላይ አስቀምጠውልኛል። ለንጽሕናዎ ምስጋናዬ ይድረስዎ።

አውቃለሁ፤ በእኛ አገር በብርድ እጅ ፍሬን የሚስብ ሰው ፍሬኑ ተጣብቆበት እስከ ሚያዝያ ሊቆም ይችላል፣ ስለዚህ አባቶቻችን ሁሉ አንደኛ ማርሽ አስገብተን እንድንወርድ አስተምረውናል። እኔም ሠላሳ ዓመት እንዲያው ሳደርግ ኖሬያለሁ። ነገር ግን ራሷ የምትነሣ መኪና ማርሽ ውስጥ ከተተወች፣ ስትነሣ ትሄዳለች። ሄደችም። ያለ ሹፌር፣ በእርጋታ፣ ግቢውን አቋርጣ ስትጓዝ እርስዎ ከኋላዋ «ቁሚ! ቁሚ እንጂ አንቺ!» እያሉ ቢጣሩም፣ ጆሮ ስላልገጠምኩላት ይቅርታ እጠይቃለሁ። የቢሮዎን በረንዳ ደረጃ ሰብራ ቆመች፣ ከዚያም አላርሟ ጮኸ። እግዜር ይመስገን፣ ሰው አልተነካም።

፫. አደጋውን እንዲያጣራ ያቋቋሙት ኮሚቴ ሻይ ሲጠጣ ውሎ ያላገኘውን ጥፋት እኔው ልንገርዎ። ሞተሩ ከጠፋ በኋላ የሹፌሩ በር ከተከፈተ፣ ሰው ማርሽ አስገብቶ ሊሆን ስለሚችል፣ መሣሪያው ሞተሩን ማስነሣቱን መተው አለበት፤ ለዚህም ከበሩ የምትመጣ አንዲት ቀጭን ሽቦ አለች። በሁለተኛው እሁድ ጣቶቼ ደንዝዘው ስለነበር «ከእኔ በቀር ማን ሊነዳት!» ብዬ ያቺን ሽቦ ሳላገናኝ ተውኳት። ጥፋቴ ነው፤ አልክድም። ማክሰኞ ከሰዓት ሽቦዋን አገናኘሁ፣ ደረጃዎንም በራሴ ሳንቃና በራሴ መዶሻ ጠገንኩ። እርስዎ በዚያው ሰዓት የሠሩት ሥራ ትእዛዝ ቁጥር ሰባትን መለጠፍ ነበር።

፬. እንግዲህ ወደ ሐሙስ እንምጣ። ትእዛዝዎን አክብሬ መኪናዋን ከማሞቂያ ጣቢያው ጀርባ አቁሜያት ነበር። ግቢ መግባት ስለተከለከለች እስክንደርስባት በእግር ሄድን። ከቤታችን እስከዚያ ዘጠኝ መቶ እርምጃ ነው፤ አይታሊና ቆጥራዋለች፣ አራት መቶ ላይ ስትደርስ ግን የበረዶ ክምር ላይ ቁጭ አለች። «ሂድና መኪናዋን አምጣት፣ እኔ እዚሁ ልረፍ» አለችኝ። በዚያ ብርድ የተቀመጠ ሰው እንደማይነሣ እኔም እርስዎም እናውቃለን። ተሸከምኳት። አርባ ደቂቃ አርፍደን ደረስን፤ ተራዋም ለሌላ ታማሚ ተሰጥቶ ስለነበር ማሽን እስኪለቀቅልን ስንለምን ቆይተን፣ አራት ሰዓት ሙሉ መታጠብ የነበረባት ሴት ሁለት ሰዓት ብቻ ታጥባ ተመለሰች። ቤት ስንገባ እግሯ አብጦ ቦቲው አልወጣ አለ። እናቷ ከአጋዘን ቆዳ የሰፋችላትን ቦቲ በመቀስ ቀደድኩት።

ክቡር ሆይ፣ እስከዚህ ድረስ በትሕትና ጽፌያለሁ፤ ከዚህ በላይ ግን አልችልም። ተናድጃለሁ። አንድ ሰው የገዛ ስሕተቱን ለመሸፈን የታመመች ሴት በበረዶ ሲያስኬድ ዝም ብዬ አላይም። ነገ ቅዳሜ መኪናዋ በቦታዋ፣ በመስኮታችን ሥር፣ ዜሮ ማርሽ ላይ፣ በእጅ ፍሬን ቆማ ትነሣለች። ከግቢ ሊያስወጧት ቢፈልጉ አይታሊናን ፊት ወንበር ላይ ተቀምጣ ያገኟታል፤ ትእዛዙን ለእርሷ ያንብቡላት።

የትእዛዞችዎ ታማኝ አንባቢ፣ የበረንዳዎም ያልተሾመ አናጺ፣
ስፒሪዶን ጋቭሪሎቪች፣ ቤት ቁጥር 31

ማስታወሻ፦ ባለቤትዎ ቫርቫራ ሴሚዮኖቭና ዛሬ ጠዋት ደረጃ ላይ አግኝተውኝ፣ «ለእኛም መኪና እንደዚያ ያለ ግጠምልን፤ እሱ ነው ያስጠየቀው ብለህ ለማንም እንዳትናገር ብቻ» ብለውኛል። አደራቸውን ጠብቄ ለማንም አልተናገርኩም፤ እዚህ ሰሌዳ ላይ ብቻ ነው የጻፍኩት። እሁድ መሣሪያዎቼን ይዤ እመጣለሁ። የበሩን ሽቦ ከሁሉ አስቀድሜ አገናኛለሁ፣ መኪናዎን የሚነዳው ሰው የተነገረውን የማይሰማ መሆኑን አውቃለሁና። ትእዛዝ ቁጥር ሰባት እስከዚያ ከሰሌዳው ካልወረደ ግን የእርስዎም መኪና እዚያው ከማሞቂያ ጣቢያው ጀርባ ትጠብቀኝ።

አባሪ፦ የግራ እግር ቦቲ፣ አንድ፣ በመቀስ የተቀደደ። ከትእዛዝዎ ሥር በሚስማር ሰቅዬዋለሁ።