አስራ ሁለት ሺህ ፍራንክ የነበርኩ ጊዜ

ብርቄዬ፣

ከተለያየን ዓመት ሊሞላን አምስት ቀን ቀረን። ሊኞን ያው ሊኞን ነው፤ ከዚያ ረጅም ሕንፃ ሁሉ መስኮት የኛን ለማግኘት አሁንም ከታች ቆሜ እቆጥራለሁ። ቤቱ ግን ተለውጧል። ወንበርሽን ወደ በረንዳው በር አስጠግቼዋለሁ፣ ማንም አይቀመጥበትም። ጤና አዳምሽ ብርዱን አልቻለውም፤ ወደ ውስጥ አስገባው ያልሽኝን ረሳሁ። ፓኪ ሰፈር ያለው ሆቴል ሙሉ ሰዓቴን መልሶልኛል፣ እንደ ድሮዬ አንሶላ አጥባለሁ፣ እተኩሳለሁ። ሽሮ መሥራትም ተምሬአለሁ። ብትቀምሺው ትስቂብኝ ነበር።

ይህን ሁሉ የምቀባጥረው ዋናውን ላለመናገር ነው፣ ታውቂኛለሽ። ዋናው ነገር ያቺ «ሁለተኛ ሚስትህ» እያልሽ የምትቀልጂባት የባንክ ካርድ ናት።

ባንኩ በካርዴ መበደር የምችለውን ጣሪያ ወደ አስራ ሁለት ሺህ ፍራንክ ከፍ ያደረገልኝ ዕለት ደብዳቤውን ሦስት ጊዜ አነበብኩልሽ። አንቺ ሽንኩርት እየከተፍሽ፣ ገንዘቡ የኛ ነው ወይስ የነሱ ብለሽ ጠየቅሽኝ። የነሱ ነው አልኩሽ። ታዲያ አንተን ምን ያስጨፍርሃል ብለሽ ሳቅሽ። ያን ጊዜ ላስረዳሽ አልቻልኩም። እኔ ፐርሚ ኤፍ የሚሉትን ጊዜያዊ የመኖሪያ ፈቃድ ይዤ የስልክ ኮንትራት እንኳ የተከለከልኩ ሰው ነኝ። ሻጯ ፈቃዴን ገልብጣ አይታ በሁለት ጣቷ ስትመልስልኝ ከኋላዬ የተሰለፈው ሁሉ አይቷል። ከስንት ዓመት በኋላ እዚሁ አገር፣ አይቶኝ የማያውቅ ሰው፣ ይህ ሰው አስራ ሁለት ሺህ ቢወስድ ይመልሳል ብሎ ፈረመ። የጓጓሁት ለገንዘቡ አልነበረም፤ መታመኑ ነው ያሰከረኝ።

ካርዷን ለዚህ ነው ያልነካኋት። ጠዋት ጠዋት አውቶቡስ ስጠብቅ ስልኬን ከፍቼ ቁጥሩን አያለሁ፤ ሳይጎድል ካገኘሁት ደረቴን ነፍቼ እሳፈራለሁ። ካሩዥ ሰፈር ካፖርትሽን የገዛን ዕለት ካርዷን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ፣ ሻጩ በደንብ እስኪያያት ቆይቼ፣ በጥሬ ገንዘብ ከፈልኩ። ከትራም እስክንወርድ ሳቅሽብኝ። እኔም አብሬሽ ሳቅሁ፣ ግን ትንሽ ተቀይሜሽ ነበር።

ስትታመሚ አጠገብሽ እንድሆን ሥራዬን ወደ ግማሽ ቀነስኩ። ባንኩ የደሞዝ ወረቀት ጠየቀኝ፣ ላክሁ። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ደብዳቤ መጣ፤ ጣሪያው ወደ ሁለት ሺህ ወርዷል። ላንቺም አልነገርኩሽም። አጥፌ ካልሲዎቼ ሥር ደበቅሁት፣ ስልኬ ላይ ማየቱንም ተውኩ። ካላየሁት አስራ ሁለት ሺህ እንደሆንኩ የምቀር መስሎኝ ነበር።

ሆስፒታል ሳለሽ አንድ ነገር ብቻ ለመንሽኝ፤ አገር ቤት፣ ሆሳዕና ከተማ፣ አባትሽ ጎን እንድትቀበሪ። እናቴ መቃብሬን በእጇ ትንካው አልሽኝ። እሺ አልኩሽ።

ባረፍሽ በሦስተኛው ቀን እህትሽ እትዬ ጽጌ ዙሪክ ጠራችኝ። የጸሎት ቤታቸው ሰዎች እንደ ወጉ አንቺን ወደ አገር ለመላኪያ አዋጥተው ነበር፤ ገና ሙያ የሚማሩት ልጆች ሳይቀሩ። ሽማግሌው ፖስታውን በሁለት እጃቸው ዘረጉልኝ። እኔ በመዳፌ መልሼ ገፋሁት። ባሏ ቆሞ እያለ መዋጮ አያስፈልጋትም አልኩና ካርዷን አውጥቼ አሳየኋቸው። በሐዘን ቤት መሐል፣ ብርቄ! ሽማግሌው ፖስታውን ወደ ኪሳቸው መለሱት። እትዬ ጽጌ ግን እህቴ ሰው አግብታለች በሚል ዓይን አየችኝ። ያ አስተያየቷ እስከ ዛሬ ያቃጥለኛል።

በማግስቱ ጄኔቭ፣ አስከሬን የሚልኩት ሰዎች ቢሮ፣ ማሽኑ ካርዷን አልቀበልም አለ። ሰውየው በትሕትና ደግሞ ሞከረ። ለዚያን ያህል ገንዘብ እንደማይሠራ አውቅ ነበር። እያወቅሁ ነው የዘረጋሁት። ወጥቼ ትራም ፌርማታው ላይ ለእትዬ ጽጌ ደወልኩ። ያንን ፖስታ ላኩልኝ ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ። ስታነሳው ግን ከአፌ የወጣው ሌላ ነው። ብርቄ እዚሁ መቀበር እንደምትፈልግ ነግራኝ ነበር አልኳት። አመነችኝ። የሰፈሩ አስተዳደር፣ ኮሚዩኑ፣ ለነዋሪው የመቃብር ቦታ በነጻ ይሰጣል፤ እዚሁ ቀበርኩሽ።

ባለፈው ሳምንት እናትሽ ደወሉ። ስለ ጤናዬ ከጠየቁኝ በኋላ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ልጄ እኔ ጋ መምጣት ያልፈለገችው ምን አስቀይሜያት ነው አሉኝ። ዓመቱን ሙሉ ይህን ሲያብሰለስሉ ከርመዋል። መስመሩ ተበላሸ ብዬ ዘጋሁባቸው። መስመሩ ደህና ነበር።

እሁድ ዙሪክ የመታሰቢያ ጸሎትሽ አለ። አንድ ቃል እንድናገር ተጠይቄያለሁ፣ ይህን ደብዳቤ አነብላቸዋለሁ። ሽማግሌው ፖስታውን እስካሁን እንዳልመለሱ፣ ሰዉም የብርቄ ነው ብሎ አልወስድም እንዳለ ሰምቻለሁ። እንዴት አድርጌ ዓይናቸውን እንደማይ አላውቅም። እትዬ ጽጌም ከዚያ በኋላ አታነጋግረኝ ይሆናል፤ እውነቷን ነው።

እናትሽ ግን እስከ እሁድ መጠበቅ የለባቸውም። አሁን ወንበርሽ አጠገብ ቆሜአለሁ፣ ስልኩ በእጄ ነው። ይቅር በይኝ አልልሽም፣ ገና አልደረስኩበትም። ቃል የምገባልሽ አንድ ነገር ነው፤ ከዛሬ ጀምሮ ስምሽን ባነሳሁበት ሁሉ፣ በማንም ፊት፣ ብርቄ ወደ እናቷ መሄድ ፈልጋ ነበር፣ ያስቀረኋት እኔ ነኝ እላለሁ።

ደወልኩ፤ ይጠራል። እናትሽ አነሱት።