ሁለተኛው ምሳ

ይድረስ ለልጄ ለማርያማዊት፣ ሐዋሳ።

እንደምን ከርመሻል ልጄ? የሰፈራችን የቀራንዮው መድኃኔዓለም ጤናሽን ይጠብቅልኝ። እኛ ደህና ነን። ይህን በስልክ ያልነገርኩሽ እናትሽ ከአጠገቤ ስለማትጠፋ ነው።

ውፍረት እንድትቀንስበት የላክሽላት እርምጃ ቆጣሪ ሰዓት ቤቱን ገዝቶታል። የበላችውን ሁሉ ስልኳ ላይ ትመዘግባለች። ባለፈው ሽሮ በልተን እጃችንን እንደታጠብን፣ «አምሐ፣ ዛሬ ምሳ የለም እንዴ?» አለችኝ።

«አሁን በላን እኮ!»

«በረሃብ ልትጨርሰኝ ነው?» ብላ ተቆጣች። ስልኩን ባሳያት፣ «ሽሮውን አንተ ነህ የጻፍከው» አለች። ተሸንፌ አብሬያት ደግሜ በላሁ።

በማግስቱ ሽንኩርት ልትገዛ እታች ሱቅ ሄዳ ቀረች። ጎረቤታችን ዱሬቲ አየር ጤና ታክሲ ተራ አግኝታ አመጣቻት። ብዙ ስለተራመደች ሰዓቱ እጇ ላይ በደስታ ይንጫጫል። «ስፖርት ነው» አለችን፤ ሽንኩርቱ ግን የለም።

ከዚያ ወዲህ እኔም ቦርጬን ላጥፋ ብዬ አብሬያት እወጣለሁ። ትናንት ከጦር ኃይሎች ስንመለስ ዞር ብላ አየችኝና፣ «አባቴ፣ እርስዎም ወደ ቀራንዮ ነዎት?» አለችኝ። መቼም ቀልድ ታውቃለች።

«አዎ እሜቴ፣ መንገዳችን አንድ ነው» አልኳትና ክንድ ለክንድ ተያይዘን ቤት ገባን።

የጻፍኩልሽ እንድትስቂ ነው እንጂ እንድታስቢ አይደለም። ለፋሲካ እመጣለሁ ብለሽ ነበር፤ ፈቃድ ከሰጡሽ ግን ቀደም ብለሽ ነይ። ዓይንሽን ለማየት ያብቃን።

አባትሽ አምሐ