በየወሩ ስለሚከፈለን የራሳችን ገንዘብ

ለክቡር አቶ ኩራሞቺ፣
በወደቡ መንገድ ለሚገኘው የባንክ ቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጅ፣
ሳካታ

ይህ ደብዳቤ እርስዎንና ሠራተኞችዎን በሙሉ ጤንነት እንዲያገኛችሁ፣ የዘንድሮው በረዶም በቅርንጫፍዎ ጣሪያ ላይ እንዲቀልል ከልብ እመኛለሁ። እኛ ደህና ነን። ማለትም፣ እኔ ደህና ነኝ። ባለቤቴ ቶኪኤ ከመጸው ጀምሮ ስሜን አታውቅም።

የምጽፈው ላመሰግንዎ ነው።

፩. ባለቤቴ ከዓሣ ማሸጊያው ፋብሪካ ደመወዟ ያጠራቀመችውን አራት ሚሊዮን የን፣ ወንድሟ ጂንፓቺም ያንኑ ያህል፣ በአንድ ቀን ኢንዴክስ ፈንድ ውስጥ አስገብተው ነበር። የዓለምን ትልልቅ ኩባንያዎች አክሲዮን በጥቂት በጥቂቱ የሚይዝ ነው። ማንም አይነካካውም፤ ትርፉም ሳይወጣ እዚያው ሌላ ትርፍ ይወልዳል። ከአሥራ ስድስት ዓመት በፊት ግን ሠራተኛዎ አቶ ሙካይ ከዚህ አሰልቺ ነገር ሊያድነን በበረዶ ውስጥ ስድስት ጊዜ ተመላለሰ። በየወሩ ገንዘብ የሚከፍል ፈንድ ይዞልን ነበር። ስለ ድካሙ አመሰግናለሁ።

፪. ጂንፓቺ በራሱ ቤት ደጃፍ ላይ ቆሞ፣ አቶ ሙካይን «ወንድሜ፣ ጫማህን አታውልቅ፤ አትገባም» ብሎ መለሰው። እኛ ግን ጨዋዎች ነን፤ አስገባነው። ቶኪኤ ወደ ጓዳ መጥታ፣ «ስድስተኛ ጊዜው ነው እኮ፤ ዛሬም ባዶ እጁን ብንሰደው ሰው ምን ይለናል?» አለችኝ። እኔ ሻይ እቀዳ ነበር። ተይ ማለት እችል ነበር። መቅዳቴን ቀጠልኩ። እሷም ገንዘቧ በሙሉ ወደ እሱ ፈንድ እንዲዛወር፣ በፊርማ ፈንታ ማኅተሟን ውሉ ላይ አተመች።

፫. ለመግቢያ ከመቶ ሦስት ወሰዳችሁ፤ ከዚያም በየዓመቱ ከመቶ ሁለት ገደማ። መጀመሪያ በየወሩ ሃያ ሺህ የን መጣልን፣ ኋላ ስምንት፣ ኋላ ሦስት። ትርፍ መስሎን ዓሣ ገዛንበት። ከራሳችን ዋና ገንዘብ እየተቆረሰ እንደሚመጣ የገባኝ ዘግይቶ ነው፤ ሲርበው የራሱን እግር የሚበላ ኦክቶፐስ የሚባል ባለ ስምንት እግር የባሕር ፍጥረት እንዳለ ዓሣ አጥማጆቻችን ይናገራሉ። ሁለት ሚሊዮን ሦስት መቶ ሺህ በላን። አንድ ሚሊዮን ሦስት መቶ ሺህ ቀረ። ያልተነካው የጂንፓቺ ገንዘብ በዓመት በአማካይ ስምንት በመቶ እያደገ አሥራ ሦስት ሚሊዮን ሰባት መቶ ሺህ ሆኗል። «አማቼ፣ ባለጌነት እንዲህ ያተርፋል» ይለኛል። ከዚያ ዓይኑን ይሰብራል።

፬. በኮረብታው ላይ ያለው መጦሪያ ለቶኪኤ አልጋ ይዞላታል፤ እስከ ወሩ መጨረሻ ብቻ። መግቢያው አንድ ሚሊዮን ሁለት መቶ ሺህ ነው። የቀረው ይበቃል። ባለፈው ሰኞ ገንዘቡን ልናወጣ በተሽከርካሪ ወንበር ወደ ቅርንጫፍዎ ይዣት መጣሁ። ሠራተኛዋ ጎንበስ ብላ፣ «እማማ፣ ገንዘቡን ማውጣት የፈለጉት ለምንድን ነው?» ብላ ጠየቀቻት።

ቶኪኤ፣ «ሰውየው ሻዩን ጠጣ?» አለች።

የሂሳቡ ባለቤት የምታደርገውን ስለማትረዳ ሂሳቡ ታግዷል ተባልኩ። ፍርድ ቤት ሞግዚት እስኪሾምላት አራት ወር፤ ምናልባት አምስት። ለጥንቃቄያችሁ ምስጋናዬ የላቀ ነው። ገንዘቧን ስታስገባ ተረድታ እንደሆነ ማንም ያልጠየቃትን ሴት፣ ስታወጣ እንዲህ አክብራችሁ ጠየቃችኋት።

ሌሊት ተነስታ በሩን ትከፍታለች። ውጭው በረዶ ነው። ቀበቶዬን ከቀበቶዋ ጋር አስሬ እተኛለሁ። ሰማንያ ሦስት ዓመቴ ነው፤ እንቅልፌም ከባድ ነው።

የቅርንጫፍዎን ደጅ በመርገጤ ያስቸገርኩዎትን ይቅርታ እየጠየቅሁ፣ የከበረ ጊዜዎንም በመሻማቴ አንገቴን ደፍቼ፣

የረጅም ዘመን ደንበኛዎ
ኢጋራሺ ሳኩታሮ

ተጨማሪ፦ ትናንት ሐሙስ፣ አዲስ የተቀጠረ ሠራተኛዎ ቤታችን መጥቶ ነበር። የቀረንን ገንዘብ ወደተሻለ ፈንድ እንድታዛውረው ለቶኪኤ አንድ ሰዓት ሙሉ አስረዳት፤ እሷም ፈገግ እያለች ሰማችው። ትቶልን በሄደው ቅጽ ላይ «ደንበኛዋ ማብራሪያውን በሚገባ ተረድተዋል» ብሎ በራሱ እጅ ጽፎ ፈርሞበታል። ቅጹን አያይዤ ልኬልዎታለሁ፤ ሰኞ ያገዳችሁትን ሂሳብ ለማስከፈት ማስረጃ ይሁነን።