የጎደሉት አራት ምቶች

ሆሳዕና፣ ኅዳር 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ጆሃንስበርግን በጩኸት ለምታስመርሪው ለወንድሜ ልጅ ለሐዳሳ፦

እንዴት ነሽ? እኔ ደህና ነኝ፤ ሆዴ አሁንም ከእኔ ቀድሞ በር ይገባል። የላክሽልኝ ሞጁል፣ ያ ድምፅ የሚሠራው ማሽን፣ ደርሶኛል፤ መመሪያውን ሳላነብ እንደጀመርኩ አንቺ ታውቂያለሽ። አንዱን ማዞሪያ ስነካው ድምፁ እንደ ዋሽንት ይለሰልሳል፤ ገፋ ሳደርገው እንደ መጋዝ ይቆርጣል። የከበሮውን ምት ደግሞ አሥራ ስድስት ቦታ ከፍሎ ይይዛል። ጎረቤቴ ብርቅዬ፣ "ሬዲዮ መጠገን ትተህ ወፍጮ ተከልህ እንዴ?" አለችኝ።

መዘምራኑን ትታ የማሽን ሙዚቃ ውስጥ ገባች ብሎ ሦስት ዓመት ያላናገረሽን አባትሽን ቅዳሜ ሱቄ አመጣሁት። ሬዲዮህ ተጠግኗል ብዬ ዋሽቼ ነው። ሞጁሉን ሲያይ ሊወጣ ተነሣ። በሩ ላይ ወንበር ስቤ ተቀመጥኩና፣ "ሠላሳ ዓመት ከበሮ የመታህ ሰው ይህችን ትፈራለህ?" አልኩት። ጠረጴዛው ሥር ትንሽ ማይክ ለጥፌ ነበር፤ በጣት ሲመቱት ሞጁሉ ምቱን ይቀዳል።

መታ። መልሼ ሳሰማው አራት ምቶች የሉም። ደገመ፤ አሁንም የሉም። ብየዳው ለቆ ነው ብዬ ፈታሁት፤ ሽቦ ቀየርኩ፤ አንቺንም ርካሽ ገዝታ ነው ብዬ አማሁሽ። ለሦስተኛ ጊዜ ሲመታ እጁን አየሁ። ግራው ይመታል። ቀኙ ግን ተራው ሲደርስ ጠረጴዛውን ዳብሶ ብቻ ይመለሳል። ማሽኑ ምንም አልሆነም።

"ከመቼ ጀምሮ ነው ሲላስ?" አልኩት።

"ከመስከረም። ጭንቅላትህ ውስጥ ዕጢ አለ አሉኝ። ሰኞ ኅዳር 16 አዲስ አበባ ይከፍቱኛል።"

"ሐኪሙስ ምን ይላል?"

"ጸልዩ ነው የሚለው።"

ከዚያ በስልክ አንዲት ቃል እንዳልነግርሽ ቃል አስገባኝ። ስለ ደብዳቤ አላነሣም፤ እኔም አላስታወስኩትም። ነገ ወደ ጆሃንስበርግ የሚበረው ታዴዎስ ይህን በእጅሽ ያደርስልሻል።

ሊወጣ ሲል በሩ ላይ ቆሞ፣ "የእሷስ እንዴት ነው የሚለው?" አለኝ። ባለፈው የላክሽውን ሙዚቃ ከፈትኩለት። እስኪያልቅ አልተቀመጠም። በመጨረሻ፣ "ትቸኩላለች። ልጅም ሆና ትቸኩል ነበር" አለና ፊቱን አዞረ።

የእሱን ምት ሚሞሪ ካርድ ላይ ጭኜ ከደብዳቤው ጋር ልኬዋለሁ። ባዶዎቹን አራት ቦታዎች በማሽን እንዳትሞያቸው። አባትሽ ያለውንም እርሺው፤ ይህን ሳምንት ቸኩዪ።

እግዚአብሔር መንገድሽን ያሳጥረው።

ቃሉን የሚጠብቀው አጎትሽ
ኤሊያስ