ከኋላ የሚመጣው ሰው

ውድ ሞሌፊ፣

ቅዳሜ ዕለት የዌስትክሊፍ ሠፈርን የእግር ጉብኝት ብቻዬን መራሁ። ከቀበርንህ አራት ወር ሊሞላን ነው፤ ጉብኝቱን የሚያዘጋጀው ማኅበር «ወይ ጀምሪ ወይ ለሌላ እንስጠው» ሲለኝ ጀመርኩ። ጃካራንዳው አብቧል፣ መንገዱ ሁሉ ሐምራዊ ሆኗል፣ ሰዎቹ በየርምጃው ቆመው ፎቶ ያነሳሉ። እኔም አየሁት፤ ምንም አልተሰማኝም። እያለቀስኩ የምጽፍልህ መስሎህ ከሆነ ተሳስተሃል። እስካሁን አንዲት ጠብታ አልወጣኝም፤ እህትህም በዚህ ታማኛለች።

ሃያ ሁለት ሰው ነበር። የመጀመሪያውን ቤት ደህና አድርጌ አሳየሁ፤ ከዚያው ከኮረብታው የተፈለጠውን ድንጋይ፣ ቅስቶቹን፣ እርከን በእርከን ቁልቁል የሚወርደውን የጽጌረዳ አትክልት። ስለ ዕፅዋቱ የምታወራው አንተ ነበርክ፤ እኔ «ይሄ ዛፍ ነው» ከማለት ብዙም አላለፍኩም። አፌ ይሠራል፣ እግሬም ይሄዳል።

ስንወጣ እንደ ልማዴ በሩ ላይ ቆምኩ። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ከፊት እኔ፣ ከኋላ አንተ። በሩን ዘግተህ፣ ማንም እንዳልቀረ አይተህ፣ ኮፍያህን ከፍ ሳታደርግልኝ ተራምጄ አላውቅም። ንታቴ ፋላትሴ ምርኩዛቸውን ተደግፈው ጠጋ አሉኝ። እኚያ አንተ የምታሾፍባቸው፣ ሁላችንም «ንታቴ»፣ አባባ፣ የምንላቸው ጡረታ የወጡ መምህር፤ ክረምቱን ሙሉ ደርባን ልጃቸው ዘንድ ከርመው መምጣታቸው ነው።

«ልጄ፣ ባልሽ የት ሄደ? ዛሬ ስለ ባርኔጣዬ ምንም አላለኝም።»

«ከኋላ ነው» አልኳቸው።

ልዋሽ አስቤ አይደለም። ሁልጊዜ የምመልሰው እሱን ስለሆነ ወጣኝ።

«አንዷን ይዞ ስለ ጽጌረዳ እያደነቆራት ይሆናላ» አሉና ሳቁ።

ወደ ሚስስ ፔምበርተን ግቢ ገባን። ውሾቻቸውን ታውቃቸዋለህ። ስለ ሰገነቱ ማስረዳት ስጀምር ሴትዮዋ በረንዳቸው ላይ ብቅ አሉ።

«ሬፊልዌ፣ በሬን ማነው ከፍቶ የተወው? ውሾቼ ሊወጡብኝ ነው።»

ዞር ስል የብረቱ በር ወለል ብሏል። ንታቴ ፋላትሴ በትከሻቸው ደግፈው ይዘውታል።

«እኔ ነኝ» አሏቸው። «ሞሌፊ ከኋላ እየመጣ ነው። ፊቱ ላይ ልዝጋበት እንዴ?»

ሃያ ሁለቱም ወደ መንገዱ ዞረው ጠበቁህ። እውነቴን ነው የምልህ፣ እኔም ጠበቅኩህ። መንገዱ ላይ ከረገፈው አበባ በቀር ምንም አልነበረም። በሩ ከባድ ነው፤ የሽማግሌው ክንድ ሲንቀጠቀጥ አየሁ።

«ይዝጉት፣ ንታቴ» አልኩ። «ሞሌፊ በሰኔ ሞቷል። የሚመጣ ሰው የለም።»

ይህን ጮክ ብዬ ስናገር የመጀመሪያዬ ነው። ቀስ ብለው ዘጉት። ከዚያ ባርኔጣቸውን አወለቁና ከፍ አድርገው ያዙት። ለሐዘን ነው ያደረጉት፤ እኔ ግን ባርኔጣ ከፍ ሲል ካየሁ መቀጠል ልማዴ ነው። ዞርኩና ስለ ሰገነቱ ካቆምኩበት ቀጠልኩ። ድምፄ ሲሰበር የሰማሁት ስለ ጣሪያው ክዳን እየተናገርኩ ሳለ ነው። ማንም ፎቶ አላነሳም።

ከሚመጣው ቅዳሜ ጀምሮ ከኋላ የሚሄዱት ንታቴ ፋላትሴ ናቸው፤ ራሳቸው ናቸው የጠየቁኝ። አንተ ደግሞ በዚህ ሁሉ ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ ከፊት ሄደሃል። ከኋላ እየመጣሁ ነውና በሩን አትዝጋብኝ።

ባለቤትህ
ሬፊልዌ